ከአሮጌ ድሪል የተሠራ የእጅ ክላክስ፦ ስምንት ወር በጣና ላይ

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጀልባዬ ትንሽ ናት፤ ሰባት ሜትር አትሞላም። ከኋላዋ የተንጠለጠለው ሞተር 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በገመድ ተጎትቶ የሚነሣ ነው። ባትሪ የላትም። ባትሪ ስለሌላት ክላክስም አልነበራትም። አሁን አላት፤ ከወንድሜ አሮጌ የባትሪ ድሪል የተሠራ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሁለት ቀይ ጡሩንባ ያለው የአየር ክላክስ። የሠራልኝ ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁና ሥራውንም ዕቃውንም እንዳየሁት ልጻፍ። ጣና ላይ ለሚሠሩ ጓደኞቼ፣ ሐዋሳም ዝዋይም ላይ ትንሽ ጀልባ ላላቸው ሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ለምን እንደፈለግሁት ካልነገርኩ ግን ነገሩ አይገባም። ነሐሴ ላይ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ የሄዱ ስድስት ሰዎች ይዤ ከዘጌ እየተመለስኩ ነበር። ጣናን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ያን ቀን ነፋሱ ዝናብ ይዞ መጣ። ፊት ለፊቴ ከአሥራ አምስት ሜትር በላይ አይታየኝም። ሞተሩን ቀነስ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ድንገት ከዝናቡ ውስጥ እንጨት የጫነ ታንኳ ብቅ አለ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ እንጨት ሲጫን ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ግንድ ነው የሚመስለው፤ ከማዕበሉ ጋር አንድ ቁመት ይሆናል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠውበታል። ጮህኩ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ዝናቡ ጀልባዋን እየደበደበ፣ ድምፄን ራሴም አልሰማሁት። መሪውን እስከ መጨረሻው ገፋሁ፤ በክንድ ርቀት አለፍናቸው። የኛ ማዕበል እንጨታቸው ላይ ወጣ። ከፊት የነበረው ሽማግሌ መቅዘፊያውን ይዞ ዝም ብሎ አየኝ። አልሰደበኝም። ብዙ ሌሊት ያ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም።

በመጀመሪያ ፊሽካ ገዛሁ። ሞተር ባለበት ፊሽካ ምንም አይደለም። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ ለጀልባ የሚሸጥ በጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ ክላክስ እንዳለ ነግራኝ፣ ላምጣልህ ብላ ነበር፤ በአውሮፕላን ይዞ መሳፈር ክልክል ሆነ። ቢመጣም ቆርቆሮው ሲያልቅ እዚህ የሚሞላው የለም። የመኪና ክላክስ ከነባትሪው ጀልባ ላይ ላስር ብዬም አስቤ ነበር። የመኪና ባትሪ ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ውስጡ አሲድ ነው፤ ሰው በሚቀመጥባት ትንሽ ጀልባ ላይ አልወደድኩትም።

ድሪሉ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ወንድሜ ቤት ሲሠራ የበርና የመስኮት ፍሬም ያሰረበት ነው፤ 14.4 ቮልት ይላል። አራት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ባትሪው ሞቷል፤ የውስጥ ጥርሶቹም ተበልተው ሞተሩ ሲዞር አፉ አይዞርም። ወደዚያ ወጣት ጠጋኝ ወስጄ ይጠገን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተመልሶ አይሰረስርልዎትም» አለኝ ልጁ፤ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ጥርሱ አልቋል። ባትሪው አይመለስም። በጣት የሚሳበው ምላጩ ግን ደህና ነው። እጀታውም ደህና ነው።»

«እንግዲህ እጀታ ምን ያደርግልኛል ልጄ?»

«ምን ይፈልጋሉ?»

የምፈልገውን ነገርኩት፤ ስለ ታንኳውም ነገርኩት። ሳቅ እንኳ አላለም። ትንሽ አሰበና «ከመኪና ዕቃ ሱቅ የአየር ክላክስ ከነኮምፕሬሰሩ ይዘውልኝ ይምጡ፤ 12 ቮልት የሚለውን» አለኝ። የጠጋኝ ጥሩነት የሚታወቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሞተውን ዕቃ ትቶ ከውስጡ በሕይወት ያለውን ለየልኝ።

አሠራሩን በአጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። የድሪሉን ሞተር፣ የተበሉትን ጥርሶችና አፉን አወጣ። የቀረው እጀታው፣ ምላጩና የባትሪው መቀመጫ ነው። ወደ ሞተሩ ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎች ወደ ኮምፕሬሰሩ አዞራቸው። ኮምፕሬሰሩ የጡጫ ያህል ነው፤ ውስጡ ትንሽ ሞተር አየር የሚገፋ ክንፍ ያዞራል። ማጠራቀሚያ በርሜል የለውም፤ ሞተሩ ሲዞር በዚያው ቅጽበት አየሩ በጎማው በኩል ወደ ጡሩንባዎቹ ይሄዳል። የጡሩንባው ቂጥ ላይ ስስ ክብ ልሳን አለ። አየሩ ሲገፋው ይነሣል፣ አየር ሲያመልጥ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ይህ በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ረጅሙ ጡሩንባ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ አብረው ሲነፉ የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ ይወጣል።

ኮምፕሬሰሩ ከድሪሉ ሆድ ስለሚወፍር ውስጥ አልገባም። በድሪሉ ጀርባ ላይ በቆርቆሮ መቀመጫና በሁለት ፋሸታ አሰረው። ጡሩንባዎቹን ድሮ የድሪሉ አፍ በነበረበት ቦታ ወደ ፊት አድርጎ በቡሎን አጠበቃቸው፤ ከዳዶው በታች ራንዴላና ጎማ አስገባ። «ንዝረት ዳዶ ይፈታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በስምንት ወር ውስጥ አንዱም አልላላም። ከባትሪው አጠገብ የ20 አምፒር ፊውዝ አስገባ፤ ሽቦውን ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ አደረገው። ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ወደ 15 አምፒር እንደሚስብ በመለኪያው አሳየኝ። በቀጭን ሽቦ የሚሠራላችሁ ካለ አትቀበሉ፤ ይግላል፣ ከዚያም ይቀልጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ባወጣቸው ሦስት የሊቲየም ድንጋዮች ነበር። ሱቁ ውስጥ አንዴ ተጭኜ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። በማግስቱ ውኃ ላይ ስሞክረው አንድ ሴኮንድ ጮኸና ቆመ። ምላጩን ለቅቄ ደግሜ ሳብኩ፤ እንደገና አንድ ሴኮንድ። በዚህ መልክ ለእኔ ዋጋ የለውም። በዓለም አቀፉ የ1972 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ አጭር የሚባለው ድምፅ አንድ ሴኮንድ ያህል፣ ረጅሙ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሴኮንድ ነው። ደንቡ ለባሕር የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ከ12 ሜትር ያነሰች ጀልባ እንኳ በሚገባ የሚሰማ ድምፅ ማውጫ እንዲኖራት ይጠይቃል። ዝናብና ጭጋግ ለባሕርና ለጣና ልዩነት የላቸውምና እኔ ልከተለው ወስኛለሁ።

መልሼ ወሰድኩት። ልጁ ሲያየው ጥፋቱን ወዲያው አወቀ፤ አልተከራከረኝም። የላፕቶፕ ድንጋይ ጥቂት አምፒር ለረጅም ጊዜ ለመስጠት የተሠራ ነው። 15 አምፒር ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቃል፤ ባትሪውን የሚጠብቀው ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ ይህን አይቶ ይቆርጣል። በምትኩ ለድሪልና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች የሚሠሩ፣ ብዙ አምፒር ባንዴ መስጠት የሚችሉ ስድስት አዳዲስ ድንጋዮች አስመጣ፤ ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን፣ ሦስቱን ጥንድ በተከታታይ አገናኘ። ሲሞላ 12.6 ቮልት ይሆናል። የእጁን ዋጋ ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ የድንጋዮቹን ብቻ ከፈልኩ። ቢሆንም ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ነበረበት እላለሁ። እኔ ውኃው ላይ ሳልሞክረው ዝናብ ቢይዘኝ ኖሮ አለኝ ብዬ የተማመንኩበት ነገር በእጄ ላይ ይከዳኝ ነበር።

ሁለተኛ ቅሬታዬ ስለ አሮጌው ባትሪ ነው። የድሪሉ የድሮ ባትሪ ኒኬልና ካድሚየም ነው፤ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት የሆነ 12 ድንጋይ። ካድሚየም መርዝ ነው፤ ልጁ ከቆሻሻው ጋር ሊጥለው ሲል አየሁት። የከተማው ቆሻሻና ጎርፍ በመጨረሻ የት እንደሚደርስ እኛ ጀልባ ነጂዎች በዓይናችን እናያለን። ከእጁ ተቀብዬ በጣሳ ከድኜ ቤት አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ አትጣሉ፣ በጭራሽም አታቃጥሉ።

የቻርጀሩን ነገር አደራ እላለሁ። የድሪሉ የድሮ ቻርጀር ሶኬቱ ገጠመ ብላችሁ ለሊቲየም ባትሪ አትጠቀሙበት፤ እሳት ያስነሣል። በ12.6 ቮልት የሚያቆም ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ያስፈልጋል። እኔ ሌሊት ተኝቼ አልሰካውም፤ ከሥራ ስመለስ እራት እስኪቀርብ ሰክቼው አጠገቡ እቀመጣለሁ። በስሌት ሙሉ ባትሪ ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋ ተከታታይ ድምፅ ይችላል፤ በሁለት በሁለት ሴኮንድ ስታወጡት ብዙ መቶ ጊዜ ነው። እኔ በሳምንት አንዴ ነው የምሞላው።

በጣም የወደድኩት ያልጠበቅሁትን ነገር ነው፦ ምላጩን። የድሪል ምላጭ ስትለቁት የሞተሩን ሁለት ጫፍ አገናኝቶ ወዲያው ያስቆመዋል፤ ድሪል ሲለቀቅ ቀጥ የሚለው በዚህ ነው። ለክላክስም ይኸው ሠራ። ድምፁ ጣቴን ባነሣሁበት ቅጽበት ይቆረጣል፤ አጭሩ አጭር፣ ረጅሙ ረጅም ሆኖ ይለያል። መኪና ላይ የታሰረ እንዲህ ያለ ክላክስ ሰምታችሁ ከሆነ መጨረሻው ላይ እያቃሰተ ነው የሚሞተው፤ ይሄኛው አያቃስትም። ነገር ግን ምላጩን እስከ መጨረሻው መሳብ ግዴታ ነው። የድሪል ምላጭ ፍጥነት ስለሚያስተካክል በግማሽ ብትስቡት ኮምፕሬሰሩ በዝግታ ይዞራል፣ ልሳኑን ለማንሣት አየሩ አይበቃም፤ የሚሰማችሁ ማጉረምረም ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ድሪል ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞር መቀየሪያ አለው። አንድ ቀን ልጄ ነካክቶት ኖሮ ወደ ግራ ተዙሮ ነበር። ውኃ ላይ ስስበው ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ድምፅ የለም። ተበላሸ ብዬ ልቤ ወደቀ። ለካ ኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ እየዞረ አየሩን ከጡሩንባው እየሳበ ነው። ወደ ጠጋኙ ስወስደው መቀየሪያውን በሙጫ አጣብቆ አንድ አቅጣጫ ላይ ዘጋው። የምታሠሩ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ጠይቁ።

ድምፁ የት ይደርሳል? ካርቶኑ ላይ 150 ዴሲቤል ይላል፤ አትመኑት። እኔ የማምነው የሞከርኩትን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነፋስ ሳይነሣ አንድ ጓደኛዬን ወደብ ላይ አቁሜ ወደ ውስጥ ሄድኩ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሆኜ ስነፋ በስልክ «ጥርት ብሎ ይሰማል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከእሱ ወደ እኔ ሲነፍስ በግማሹ ርቀት እንኳ እየቆራረጠ ነው የሰማው። ይህ የክላክሱ ጥፋት አይደለም። ጠዋት ውኃው ላይ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ድምፁን ወደ ታች መልሶ ያስኬደዋል፤ ተቃራኒ ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ይወስደዋል። ስለዚህ ዝናብ ባለበት ከሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር በላይ አልተማመንበትም። እኔ ባለኝ ፍጥነት ያ ርቀት ለመዞርም ለማቆምም ይበቃል።

ለጆሮ ግን ክፉ ነው። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚቻል ከሆነ 100 ዴሲቤል የሚቻለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው ይላሉ የጆሮ ጤና ባለሙያዎች፤ ይሄ ደግሞ በቅርብ ከዚያ የሚያልፍ ይመስለኛል። ከመንፋቴ በፊት መንገደኞቼን «ጆሮ ያዙ» እላለሁ፤ ሕፃን ካለ እናቲቱን ከኋላ አስቀምጣለሁ። ከአባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬዎች ባሉበት አልነፋውም፤ የደነገጠ ጉማሬ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግረኝም። ገዳማት አጠገብም አልነፋውም። ክብራን ገብርኤል ደርሶ ክላክስ የሚነፋ ጀልባ ነጂ እኔ አልሆንም።

ድምፅ ያለ ስምምነት ጩኸት ብቻ ነውና ሌላውንም ነገር አደረግሁ። በደንቡ አንድ አጭር ድምፅ ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት ሞተሬ ወደ ኋላ እየሠራ ነው፣ አምስትና ከዚያ በላይ የምታደርገው አልገባኝም ተጠንቀቅ ማለት ነው። ይህን ከጥቂት ጀልባ ነጂዎች ጋር ተነጋገርንበት። እንጨት ይዘው የሚመጡትን ታንኳ ቀዛፊዎች ግን ቁጥር ማስቆጠር አልፈለግሁም። ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ሲያራግፉ ሄጄ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፦ ዝናብ ውስጥ ረጅም ድምፅ ከሰማችሁ እኔ ነኝ፤ በየሁለት ደቂቃው እነፋለሁ፤ መቅዘፊያችሁን ወደ ላይ አንሡልኝ፣ ወይም ጣሳ ምቱ፤ ዞሬ የምሄደው እኔ ነኝ። ያ ሽማግሌ እዚያ ነበር። «አንተ ነህ ወይ የዚያን ዕለት?» አለኝ። «እኔ ነኝ አባቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ክላክሱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ምላጩን እንዲስብ ነገርኩት፣ ሳበ። «ይሄስ ይሰማል» አለ።

በዚህ ሐምሌ ሁለት ጊዜ ዝናብ ውስጥ ነፍቼ ሁለት ጊዜም ከዝናቡ ነጭ መጋረጃ ውስጥ መቅዘፊያ ሲነሣ አይቻለሁ። አንዴ ደግሞ እምቦጩ የሞተሬን ፕሮፔለር ጠምጥሞ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ቢላዋ ይዤ ስቆርጥ ሌላ ጀልባ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አምስት ጊዜ ነፋሁ፤ ዞረልኝ። በሞተር ኃይል የሚሠራ ባለመሆኑ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

ውኃ ይጠላል። በሦስተኛው ወር አንደኛው ጡሩንባ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከልሳኑ ሥር ውኃ ገብቶ ነበር። በካቻቢቴ ከፍቼ አድርቄ መለስኩት፤ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ የጡሩንባዎቹን አፍ ወደ ታች አድርጌ እሰቅለዋለሁ፤ ባትሪውን ለብቻው በፕላስቲክ ጠቅልዬ እይዛለሁ። ከስድስት ሴኮንድ በላይ ባንድ ጊዜ አልነፋም፤ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ያህል ነው፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ስለሚያጋድል ለደከመ እጅ ትንሽ ይከብዳል።

ዋጋውን ለሚጠይቁኝ፦ ክላክሱ ከነኮምፕሬሰሩ 2,800 ብር፣ ስድስቱ ድንጋዮች 2,700፣ መጠበቂያ ሰሌዳው 500፣ ቻርጀሩ 600፣ የእጅ 1,500፤ በጠቅላላው 8,100 ብር። ርካሽ አይደለም። ለእኔ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ታንኳ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ሳነጻጽረው ግን ስለ ዋጋው ሁለተኛ አላሰብኩም። ባትሪ ያላት ጀልባ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም፤ ክላክሱን ገዝቶ በቀጥታ ከፊውዝ ጋር ያስር። እንደ እኔ በገመድ የሚነሣ ሞተር ላለው ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አሁን ሁለት ጓደኞቼ የተበላሸ ድሪላቸውን ይዘው ወደ ልጁ ሄደዋል። ለእነሱ ሲሠራ ከመጀመሪያው ብዙ አምፒር የሚሰጡትን ድንጋዮች እንዲያስገባ፣ መቀየሪያውን እንዲዘጋ፣ ኮምፕሬሰሩ ላይም ዝናብ የሚከልል ቆርቆሮ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ። የእኔንም ለቆርቆሮው ሐሙስ አምጡት ብሎኛል።